«ልቤ ሊቆም ነው»፦ ስለ ድንገተኛ ፍርሃት የሚባለውና እውነታው

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከጎፋ ገብርኤል ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቷል፤ መስኮቱ «ብርድ ይመታናል» ተብሎ ተዘግቷል፤ ቄራ ላይ መንገዱ ተቆላልፏል። እንዲህ ባለው ሰዓት ከተሳፋሪዎቹ በአንዱ ላይ የሚደርሰውን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። ልቡ ያለ ምክንያት ይደልቃል። ደረቱ ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጣቱና ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ላብ ያጠምቀዋል። «ልሞት ነው» ከሚለው ሐሳብ በቀር ሌላ ነገር አይታየውም። «ወራጅ አለ!» ብሎ መድረሻው ሳይደርስ ይወርድና አጥር ተደግፎ ይቆማል።

ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል። በየሰፈሩ ግን ስሙ ብዙ ነው፦ የልብ ድካም፣ ደም ብዛት፣ ጨጓራ፣ ታይፎይድ፣ ዓይነ ጥላ፣ ዛር፣ የእምነት ማነስ። የተሳሳተ ስም ሰውን ለዓመታት ያንከራትታል፤ አንዳንዱም ከሕመሙ ከራሱ የበለጠ ያስረዋል።

«የልብ ሕመም ነው»

ደረቱን ጨብጦ የሚያልበውን ሰው ያየ ጎረቤት መጀመሪያ ልብን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ሰው መመርመር አለበት። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳ የልብ ቫልቭ ጉዳት በሀገራችን ዛሬም አለ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ደም ሲያንስ፣ ስኳር ሲወርድም ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በተለይ ሕመሙ ዳገት ሲወጡ የሚነሳ ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ሰውየውም ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል እንጂ «ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

መንከራተቱ የሚጀምረው ከምርመራው በኋላ ነው። የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ደህና ነው፣ ደሙም ደህና ነው ይባላል። በሳምንቱ ሲነሳበት ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ሦስተኛው ቦታ ጨጓራ ይሉታል። አራተኛው ቦታ ግሉኮስ ይሰቀልለታል፤ ግሉኮሱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ይበርዳልና ያዳነው ግሉኮሱ ይመስለዋል። ፓኒክ አታክ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ማንም ምንም ባያደርግለት መውረድ ይጀምራል። ይህን አለማወቅ ብዙ ቤተሰብን ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ አንጎል «አደጋ አለ» ብሎ ይፈርዳል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይበረታል። ጅብ ያጋጠመው ሰው የሚያመልጠው በዚሁ ጉልበት ነው። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን የሚሮጥበት ቦታ የለውም። ቁጭ ብሎ በኃይል በተነፈሰ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። አየር ያጠረው የመሰለው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። የግቢ ውሻ ሌባ ሲመጣም፣ ነፋስ ፌስታል ሲያንከባልልም እኩል ይጮኻል፤ ጩኸቱ እውነት ነው፣ ሌባ ግን የለም። ፓኒክ አታክ በራሱ ሰው አይገድልም።

«ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ አብዳለሁ»

ሰው ራሱን የሚስተው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። በፓኒክ ጊዜ ግፊቱ ከፍ ይላልና መውደቅ እምብዛም አያጋጥምም። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ግን ሁኔታቸው የተለየ ነው። ማበድን በተመለከተ፦ ይህ ሕመም ሰውን ከእውነታ አያለያየውም። «አበድኩ ይሆን?» ብሎ መሸበሩ ራሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው።

ለእርዳታ ተብሎ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚጨምረው ጭስ ብቻ ነው። ፌስታል አፍ ላይ ደፍቶ «ተንፍስ» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሕመሙ የሳንባ ወይም የልብ ቢሆን ሰውየውን ሊጎዳው ይችላል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከማስገባቱ ረዘም አድርጎ ማስወጣት በቂ ነው።

«መንፈስ ነው፤ የእምነት ማነስ ነው»

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ጎፋ ገብርኤል የተገኘ ሰው ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፋ ያያል። ፓኒክ ያለበት ሰው እዚያ መካከል ሲደርስ ልቡ ይደልቃል፣ ያፍነዋል፤ ሕዝቡን እየጣሰ ይወጣል። ያኔ «አየሽ፣ ያደረበት መንፈስ ቤተ ክርስቲያን አላስቆም አለው» ይባላል። ያው ሰው ግን ባንክ ወረፋ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሠርግ አዳራሽ፣ ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል። ሰውነቱ የሚሸሸው በቶሎ መውጫ የሌለውን ቦታ ነው፤ የተቀደሰ ይሁን አይሁን አይለይም። እንዲህ ያለው ሰው በሕመሙ ላይ ኃፍረት ሲጨመርበት ይቀርና ከጸሎት ቤቱም ይርቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የሚያጽናናው ያ ቦታ ነበርና።

ጠበል ወይስ መድኃኒት ብሎ ማፋጠጥም አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ ተመሳሳይ ክርክር በተነሳ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም ሕመም ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። መስጊድ የሚሄደውም፣ ጸሎት ቤት የሚሄደውም ዱዓውንና ጸሎቱን ሳይተው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይችላል። የሚጎዳው «ብታምን ኖሮ አትፈራም ነበር» የሚለው ፍርድ ነው።

«የሀብታምና የፈረንጅ በሽታ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ፓኒክን ከሚያካትቱት የጭንቀት ሕመሞች አንዱ ነበረባቸው፤ ሕክምና የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በእኛም ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በቡታጅራ ገጠር ባደረጉት ጥናት የአእምሮ ጭንቀት በገበሬው መንደር እንግዳ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

«ቡና ያረጋጋል»

ከጎረቤት ጋር መቀመጡ፣ ወሬው፣ ዕጣኑ ያረጋጋ ይሆናል። ቡናው ራሱ ግን ካፌይን ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለጨረሰ ፍርሃት ላለበት ሰው የልብ ምቱን ይጨምርለታል። ጫት ከዚህ የባሰ ነው። አረቄም ለሰዓታት ያደነዝዝና በማግስቱ ጭንቀቱን አብዝቶ ይመልሰዋል።

«ቤት ትረፍ፤ ብቻዋን አትተዋት»

ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው እምነት ይህ ይመስለኛል፤ የሚመጣውም ከፍቅር ስለሆነ ለመቃወም ይከብዳል።

አንዲት ልጅ ታክሲ ውስጥ ታፈነች እንበል። ወርዳ አየር ስታገኝ ቀለላት። አንጎሏ የሚማረው «ታክሲ ሊገድለኝ ነበር፤ መውረዴ ነው ያዳነኝ» የሚለውን ነው። በማግስቱ በእግሯ ትሄዳለች። ቀጥሎ ገበያ ይቀራል፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ሥራ። እናት «ልጄን ብቻዋን አልሰድም» ብለው አብረው ይወጣሉ፤ የውሃ ኮዳ፣ ስልክ፣ አንድ ፍሬ መድኃኒት ሁልጊዜ በቦርሳ ይያዛል። በዓመቱ ልጅቷ ያለ እናቷ ከጎፋ ማዞሪያ የማታልፍ ትሆናለች። አታኩ ከተነሳባት ወራት አልፈው ሊሆን ይችላል፤ ኑሮዋን ያጠበበው መሸሹ ነው።

ሕክምናው መንገዱን ወደ ኋላ ይመልሳል። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ከታካሚው ጋር ቁጭ ብሎ የሚፈሩትን ነገሮች ከቀላሉ ጀምሮ በተርታ ያስጽፋል። መጀመሪያ ቆሞ ሰው በሚጠብቅ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ። ቀጥሎ ከሰው ጋር እስከ ቄራ። ከዚያ ብቻ እስከ ቄራ፣ እስከ ቡልጋሪያ ማዞሪያ፣ በመጨረሻ እስከ ሜክሲኮ፤ መጀመሪያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ በኋላ በጠዋቱ ግፊያ። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ሲነሳ አለመውረድ፣ እስኪበርድ መቀመጥ። መጀመሪያ ላይ እጅግ ይከብዳል። ሲደጋገም ግን አንጎል በሌላ መንገድ ሊማር የማይችለውን ይማራል፤ ፍርሃቱ ሳይሸሹትም ይወርዳል። ይህ ዘዴ ከተፈተኑት የፓኒክ ሕክምናዎች ሁሉ በጥሩ ውጤቱ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «አይዞሽ፣ እንውረድ» ከማለት «አይዞሽ፣ ይወርድልሻል፤ አብሬሽ አለሁ» ማለት ይሻላል። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ደግሞ አጃቢነቱን በጥቂት በጥቂቱ መተው ይገባል።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል»

ሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት ሱስ አያስይዙም፤ ነገር ግን ለውጣቸው የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ጨመር ሊያደርጉት ይችላሉ፣ በድንገትም አይቋረጡም። ብዙ ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ይህን ስላልተነገረው ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ዲያዜፓም ነው፤ ወዲያው ያረጋጋል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጥገኛ ያደርጋል። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ተገቢ አይደለም።

«አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ሰው ነው»

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ተመሥርቶ ለአሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ከእብደት ጋር ተጣብቆ የቀረውም ስለዚህ ነው። ዛሬ በተመላላሽ ክፍሉ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ የሚታከሙ ሰዎች ይሰለፋሉ። ሕክምናውም በእርሱ ብቻ አልተወሰነም፤ የካ ኮተቤን በመሳሰሉ ሌሎች ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

መነሻው ግን በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። እዚያ ስትቀርቡ «ጨጓራዬን» ወይም «ልቤን» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። መቼ እንደጀመራችሁ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚተዋችሁ፣ ቡናና ጫት ምን ያህል እንደምትወስዱ፣ እስካሁን የት የት እንደተመረመራችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በፊት ደግሞ በፍርሃት ምክንያት መሄድ ያቆማችሁባቸውን ቦታዎች ዘርዝሩ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም ቢሆን ንገሩት።