የታጠፈ የክስ ወረቀት
(ከሬዲዮ ንግግር የተገለበጠ)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትራፊክ ክስ ወረቀት ነው። «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ?» አትበሉ። ሾፌሩ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሾፌር አለ እንበል። ከሰቆጣ ገበያ ፍየል ጭኖ ወደ ወልድያ ይሄዳል። የዋግ ኽምራ ደጋ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ከብት ይሻገራል፤ ልጆች ይሮጣሉ። ሾፌሩ ግን ቸኩሏል። ትራፊክ ፖሊስ አስቆመውና በፍጥነት ክስ ጻፈበት። እሱም ወረቀቱን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ኋላ አየዋለሁ» አለ።

ለመሆኑ ፍጥነት ለምን ያስቀጣል? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዓይን እስኪጨፈን ልጁ ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ወረቀቱ በኪስ ቢቀመጥስ ምን ይመጣል?

አንደኛ፣ ጥፋቱ በሾፌሩ ስም ይመዘገባል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋትን በነጥብ የመመዝገብ አሠራር አምጥቷል። ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። መንጃ ፈቃድ ከሌለ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ እንጀራ የለም።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። መጥሪያ ደርሶት የቀረን ሰው ፍርድ ቤቱ በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ሊያዝዝበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት የወሰነው መቀጮ ሳይከፈል አይረሳም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንደሚለው፣ መቀጮውን ያልከፈለ ሰው ንብረቱ ሊያዝበት ይችላል። ይህም ካልሆነ መቀጮው ወደ ጉልበት ሥራ ሊለወጥ ይችላል።

«ሽማግሌ ልኬ አስታርቃለሁ» የሚል ይኖራል። ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ያስታርቃል፤ ደግ ነገር ነው። የትራፊክ መቀጮ ግን የመንግሥት ነው። በእርቅ አይቀርም።

ታዲያ ገንዘብ የቸገረው ምን ያድርግ? አይደበቅ፤ ይቅረብ። ያው የወንጀል ሕግ ለተቸገረ ሰውም መንገድ አለው። ፍርድ ቤቱ የመክፈያ ጊዜ ሊሰጠው፣ ከፋፍሎ እንዲከፍልም ሊፈቅድለት ይችላል። አላጠፋሁም የሚልም ቀርቦ ይናገር። የተደበቀ ሰው ግን ማን ይሰማዋል?

ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ባለቤቱ ልብሱን ስታጥብ ወረቀቱን አገኘች። ፊደል ከቆጠረች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየች አነበበች፦ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀን፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ የመቀጮው ልክ። «አንተ፣ ቀኑ እኮ ሊያልፍ ነው!» አለችው። በማግሥቱ ሄዶ ከፈለ። ደረሰኙንም ተቀብሎ አስቀመጠ። ያለ ደረሰኝ መክፈል እንዳልከፈሉ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? ወረቀት እጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ቀኑን አንብቡ።

ለውይይት፦
1. ክስ ወረቀት ላይ ምን ምን ይጻፋል?
2. ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ማድረግ ይችላል?
3. ደረሰኝ ለምን ይጠቅማል?

ደኅና ሁኑ።