በአዲሱ የኤሌክትሪክ ሥጋ ማጠኛ መጀመሪያ ምን ይታጠን?

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

አንድ ማኅበር የኤሌክትሪክ ሥጋ ማጠኛ ሲገዛ፣ ወጪው ቶሎ እንዲመለስ በማለት በመጀመሪያው ቀን ትልቅ የበሬ ብልት ለማስገባት ይቸኩላል። ይህን አንመክርም። ወፍራም የበሬ ወርች በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪለሰልስ ድረስ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመካከሉ ስሕተት ቢፈጠር ወይም መብራት ቢጠፋ የብዙ ሰው ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥጋ ለመማሪያ እንጂ ለገበያ መሆን የለበትም። ለዚህም የምንመርጠው የዶሮ ታፋና እግር ነው።

ዶሮ የተመረጠበት ምክንያት

የታፋና የእግር ሥጋ ስብ ስላለው ሙቀቱ ትንሽ ቢያልፍም እንደ ደረት ሥጋ ቶሎ አይደርቅም። በ120 ዲግሪ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚበስል፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ስሕተትን ማረም ይቻላል። ዶሮዋ ለሥጋ የተቀለበች ለጋ ትሁን። እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጌ ዶሮ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለማትለሰልስ ለወጥ ትቆይ።

አሠራሩ

1. ከሥጋው በፊት ማጠኛውን ባዶውን ለ3 ሰዓት ያህል ማጋል፣ በመጨረሻው ሰዓትም ጥቂት እንጨት ጨምሮ ማጠን። ይህም የፋብሪካ ዘይትና ሽታ እንዲለቅ ያደርጋል።

2. ለ1 ኪሎ ግራም ሥጋ 15 ግራም ጨው አሽቶ በማቀዝቀዣ ማሳደር፤ በማግሥቱም በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። 

3. እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ ለዚህም ይሆናል፤ ጢሱ ኃይለኛ ስለሆነ ግን አንድ እፍኝ ስንጥር ይበቃል። ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ይበቃል። የማንጎ፣ የብርቱካን ወይም የዘይቱን እንጨትም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍና ጥድ ሥጋውን ስለሚያመሩት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ደግሞ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል አይግቡ።

4. ብልቶቹን ሳይነካኩ መደርደርና በሩን በየጊዜው አለመክፈት። ጢሱ ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራም ነጭ ጢስ ሥጋውን ያመረዋል።

5. መብሰሉን በቀለም አለመፍረድ። የሥጋ ቴርሞሜትር አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ተወግቶ ቢያንስ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። እስከ 80 ቢደርስ ታፋው ይበልጥ ይለሰልሳል።

መብራት ቢጠፋ

በሩን ዘግቶ ጥቂት መጠበቅ፤ ካልመጣም ሥጋውን ወዲያውኑ በከሰል ላይ አብስሎ መጨረስ። ስለዚህ ከሰል አስቀድሞ ይዘጋጅ። በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ከ4 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ መጣል አለበት። እንደገና ማሞቅ ሁልጊዜ መርዙን አያጠፋውም።

ይህ ቋንጣ አይደለም

ትልቁ አደጋ ከዚህ ላይ ነው። ቋንጣ የሚቆየው ውኃው ስለወጣ ነው። በዚህ ማጠኛ የበሰለ ሥጋ ግን ጢስ ቢሸትም ውስጡ እርጥብ ስለሆነ፣ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ብቻ ነው። በላስቲክ አሽጎ ያለማቀዝቀዣ መሸጥ ደንበኛን ለሕመም፣ ማኅበሩንም ለውርደት ይዳርጋል።

ቀጥሎስ?

ዶሮው ሦስት ጊዜ ያህል ከተሳካ በኋላ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በጣና ዙሪያ ያሉ ማኅበራት ወደ ቆሮሶና አምባዛ ሊያልፉ ይችላሉ። የዓሣው ውስጥ ቢያንስ 63 ዲግሪ መድረስ አለበት። የበሬ ሥጋ መጨረሻ ይምጣ።

በእያንዳንዱ ጊዜ የሥጋው ክብደት፣ የእንጨቱ መጠን፣ የማጠኛው ሙቀትና የፈጀው ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ። የልማት ሠራተኛውም መዝገቡን ከአባላቱ ጋር እየተመለከተ፣ ሥራው ለገበያ መድረሱን ከእነርሱ ጋር እንዲወስን እናሳስባለን።