ሙቀቱን ለሌሊት ያቆየ ግመል

ግመል ያለ ውሃ እንዴት ይሰነብታል? መልሱ ያለቀለት ይመስል ነበር፤ ውሃውን በሻኛው ተሸክሞት ይዞራል ይባላል። ሥጋ ቤት ደጃፍ የቆመ ሁሉ ግን ሻኛ ጮማ መሆኑን ያውቃል። በሆዱ ያጠራቅማል የሚሉም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1953 የኖርዌይ ተወላጁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክኑት ሽሚት-ኒልሰን ከባለቤቱ ከቦዲልና ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አልጄሪያ ሰሃራ፣ ቤኒ አቤስ ወደምትባል የበረሃ ከተማ ወረደ። ግመሎቹን ውሃ ከለከሏቸው፤ መዘኗቸው፤ ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ለኩ። በሆዳቸው የተገኘውም ምግብ የሚፈጭበት ጨዋማ ፈሳሽ እንጂ የተጠራቀመ ውሃ አልነበረም።

እንቆቅልሹን የፈታው ቴርሞሜትሩ ነው። ውሃ የጠገበ ግመል ሙቀቱ በቀን ቢለዋወጥ ሁለት ዲግሪ ያህል ነው። የተጠማው ግን ሲነጋ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ከ40 ያልፋል! ሰው ቢሆን ትኩሳት ያዘው ተብሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ ነበር። ግመሉ ግን ጤነኛ ነው። እኛ 37 አካባቢ ለመቆየት ያልበናል፤ ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ዋጋው ግን ውሃ ነው። የተጠማ ግመል ላቡን ይቆጥባል። የቀኑን ሙቀት እንደ አደራ በሰውነቱ ይዞ ያመሽና፣ በረሃው ሲበርድ አንድ ጠብታ ሳያባክን ለሌሊቱ አየር ይመልሳል። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል በዚህ መንገድ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ያተርፋል። ሰውነቱ በጋለ ቁጥር ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ስለሚጠብም፣ ከውጭ የሚገባበት ሙቀት ይቀንሳል።

እኔን ከሁሉ የደነቀኝ ፀጉሩ ነው። በዚያ ሐሩር ፀጉር ለብሶ መዋል ቅጣት ይመስላል። ፀጉሩን ሲሸልቱት ግን በላብ የሚያጣው ውሃ በግማሽ ያህል ጨመረ። ፀሐይ የመታው የፀጉር ጫፍ 70 ዲግሪ ሲደርስ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ 40 አካባቢ ነበር።

በመጨረሻ ውሃ ቀረበ። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጥተው የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ግመሎች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ በ10 ደቂቃ 100 ሊትር ያህል ጨለጠ፤ የሰረጎደው ጎኑም ዓይን እያየ ሞላ።