ያላየነውን ውሃ ማየት፦ ሰዎች ካሜራ ይዘው ለምን ይጠልቃሉ?

ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ከጮቄ ተራራ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ እየተንደረደሩ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ሰው ውሃን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ይጠጣዋል፣ መስኖ ይጠልፍበታል፣ ይጠመቅበታል፣ ክረምት ሲሞላም ይፈራዋል። ውስጡን ግን አያውቀውም። መረብና መንጠቆ ካወጡት በስተቀር ከውሃው በታች ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላና የት እንደሚደበቅ ያየ ጥቂት ነው። አበውም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው መክረውናል፤ ጥልቁን አትነካካው ማለታቸው ነው።

ይህን ምክር አልፈው፣ መንጠቆውን ትተው ካሜራ ይዘው የሚወርዱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ሥራቸው የውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ ይባላል። ገንዘብ ይፈልጋል፣ ብርድና አደጋ አለበት፣ ብዙ ተነሥቶ ጥቂት ይመረጥበታል። እንዲህ ወዳለው ድካም የሚገፋፋቸው ምንድን ነው? የማወቅ ጉጉት አለ፣ የውበት ፍቅር አለ፣ ጸጥታን ፍለጋ የሚወርድም አለ። ከሁሉም በታች ያለው ምክንያት ግን አንድ ይመስለኛል፤ ያዩትን ላላየ ሰው ማሳየት። የብስ ላይ ያየነውን የሚጠራጠር ቢኖር እጁን ይዘን ወስደን እናሳየዋለን። ውሃ ውስጥ ያለውን ግን አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወርዶ አያየውም። እዚያ ፎቶግራፍ ምስክር ነው።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ዊልያም ቶምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1856 ዌይማውዝ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ አጠገብ ካሜራውን በሳጥን አሽጎ ከጀልባ ወደ ባሕር ወለል አወረደ። ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገባ፤ እንዲያም ሆኖ የወለሉ መልክ ደብዘዝ ብሎ ተነሣ። ቶምፕሰን የታየው ጥቅም ተግባራዊ ነበር፤ ድልድይና ወደብ የቆሙባቸው ምሰሶዎች ከውሃ በታች ተጎድተው እንደሆነ በትንሽ ወጪ ለመመርመር ያስችላል ብሎ አሰበ።

ካሜራ ይዞ ራሱ የወረደው ደግሞ ፈረንሳዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ሉዊ ቡታን ነው። ቡታን ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለማጥናት የጠላቂ ልብስ ለብሶ ወደ ባሕር ይገባ ነበር። የታችኛው ዓለም ገጽታ ልቡን ቢነካው በቃል ሊተርከው ሞከረ፤ ትረካው ግን ጎደሎ ሆነበት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1893 መሐንዲስ ከሆነው ወንድሙ ጋር ውሃ የማያስገባ የካሜራ ሳጥን አሠርቶ በደቡብ ፈረንሳይ ባኒዩልስ የባሕር ዳርቻ ወረደ። በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ለማንሣት ካሜራው እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ያን ያህል ታግሦ የቆመ ሰው ምን ያህል ማሳየት እንደፈለገ መገመት አያዳግትም።

ችግሩ ትዕግሥት ብቻ አልነበረም። ውሃ ብርሃንን ይውጣል፤ ቀለማትን ግን እኩል አይውጥም። በጠራ ባሕር ውስጥ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ቀይ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ቢጫ። ዘልቆ የሚቀረው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ 30 ሜትር ቢወርድ ጥለቱ ጥቁር መስሎ ይታያል። እዚያ ጥልቀት ላይ ጣቱ የተቆረጠ ጠላቂም ደሙን አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል። ስለዚህ ጠላቂው የራሱን ብርሃን ይዞ መውረድ አለበት። የዓሣ ተመራማሪው ዊልያም ሎንግሊና የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ቻርልስ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1926 ፍሎሪዳ አጠገብ ተንሳፋፊ ላይ የማግኒዥየም ዱቄት እያቀጣጠሉ የመጀመሪያዎቹን ባለቀለም የውሃ ውስጥ ፎቶዎች ሲያነሡ ሎንግሊ በፍንዳታው ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1927 ታተሙ፤ አንባቢዎችም ዓሣ በቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

የዛሬው ጠላቂ በማግኒዥየም ፈንታ የኤሌክትሪክ ፍላሽ ይይዛል። ፍላሹን ግን እንደ የብሱ ካሜራ ሌንሱ አናት ላይ አያደርገውም። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን ደለል የፍላሹን ብርሃን መልሶ ወደ ሌንሱ ስለሚያንጸባርቅ ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ስለዚህ ፍላሾቹ በረጃጅም ክንዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ርቀው ከጎን ያበራሉ። ውሃ ነገሮችን አቅርቦና አግዝፎም ያሳያል፤ አራት ሜትር ላይ ያለው ዓሣ ለዓይን ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ባለሙያዎቹ አጥብቀው የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፤ ቅረብ፣ እንደገናም ቅረብ። በካሜራውና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ፎቶው ይጠራል።

ከዚያ ሳጥኑ አለ። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ግፊት ይጨመራል። ያን ሁሉ ከካሜራው የሚከላከለው በሳጥኑ ክዳን ዙሪያ የተቀመጠ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። ጠላቂው ከመውረዱ በፊት ቀለበቱን አውጥቶ ይጠርገዋል፣ በጣቱ ጫፍ እየዳበሰ ቅባት ይቀባዋል፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየዋል። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ከቀረች ውሃ መንገድ ያገኛል፤ ካሜራውም እዚያው ያበቃለታል። ብዙዎች ይህን ዝግጅት እንደ ሥራው ግማሽ ይቆጥሩታል። ወርደውም ቢሆን ከተጣደፉ ዓሣው ይሸሻል፤ ትንፋሻቸውን አረጋግተው፣ ወለሉን ሳይነኩ ተንሳፍፈው ዓሣው እስኪለምዳቸው ይጠብቃሉ።

ይህን ሙያ ለመጀመር የግድ ባሕር አጠገብ መወለድ እንደማያስፈልግ የሎተ ሃስ ታሪክ ያሳያል። ሎተ በቪየና የታዋቂው ጠላቂ የሃንስ ሃስ ጸሐፊ ነበረች። ከቡድኑ ጋር ወደ ቀይ ባሕር ለመሄድ ስለፈለገች ከዳኑብ ወንዝ በተነጠሉ ጸጥ ያሉ ውሃዎች ውስጥ ካሜራ ይዛ ተለማመደች፤ ፎቶዎቿም መጽሔት ላይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 ፖርት ሱዳን ላይ ከሻርኮች ጋር የዋኘችው ሴት ሙያዋን የጀመረችው ባሕር በሌላት አገር፣ በወንዝ ውሃ ነው።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1953 የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ። ደሴቶቹ የሚገኙባት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችበት ጊዜ ነበር። ከቡድኑ ጋር የነበረው ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ እዚያ ያነሣው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 «ስድስተኛው አህጉር» በሚል ርእስ ወጣ፤ ከመጀመሪያዎቹ ባለቀለም የውሃ ውስጥ ረጃጅም ፊልሞችም አንዱ ሆነ። ጠላቂው ዣክ ኩስቶም በቀይ ባሕርና በሌሎች ባሕሮች ያነሣው «የዝምታው ዓለም» እ.ኤ.አ. በ1956 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ። ምጽዋ አካባቢ ያለው ባሕር ለዓለም ሲታይ፣ ከደጋው ሰው ግን ያንን ዓለም ያየው ጥቂት ነበር።

ዛሬ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ጨው ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ ቅርብ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ጅቡቲ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በዓለም ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክ ይመጣል። ሙሉ ዕድገቱ ላይ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው ይህ ዓሣ የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው፤ ጅቡቲ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው። ጀርባና ጎኑ በነጫጭ ነጠብጣቦች የተሸፈነ ሲሆን የሁለት ሻርኮች ነጠብጣብ አንድ አይሆንም። ተመራማሪዎች ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ ጀርባ ያለውን የጎኑን ፎቶ እያወዳደሩ እያንዳንዱን ይለያሉ። ለዚህ የሚጠቀሙበት ስሌት መጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር የሠሩት ነው። ስለዚህ ለመዝናናት የመጣ መንገደኛ ያነሣው አንድ ጥሩ ፎቶ ያ ሻርክ በዚያ ቀን እዚያ እንደነበር መረጃ ይሆናል። ብዙዎች አንዴ ጀምረው የማይተዉት ለዚህ ነው፤ የግል ደስታቸው ለእውቀት መዝገብ ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ወደ ጣና ያደርሰናል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። በውስጡ በዓለም ብርቅ የሆነ የዓሣ ቤተሰብ ይኖራል። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ባርባሶች ለረጅም ጊዜ መልኩን እየለዋወጠ የሚታይ አንድ ዓሣ ተደርገው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናግልከርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሲያጠኗቸው 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። አንዱ ወፍራም ሥጋማ ከንፈር አለው፤ በድንጋይ መካከል ይለቅማል። ሌላው ቀንድ አውጣ ሰባብሮ ይበላል። ሌላው ተንሳፋፊ ነፍሳትን ያጣራል። ስምንት ያህሉ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን አሳደው ይበላሉ፤ መንጋጋቸው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ዓሦች ታሪክ ጋር የሚቀራረብ ታሪክ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። የዚያ ሐይቅ ዓሦች ከውጭ በገቡ ዝርያዎችና በዓሣ ማስገር ብዛት ተመናምነው እ.ኤ.አ. በ2020 ከመካከላቸው 15ቱ ከምድር መጥፋታቸው ታወጀ። የጣናዎቹ ገና አሉ። ከመካከላቸው የተወሰኑት ክረምት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ለመራባት ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብም በዚያው ያጭዳቸዋል። እነዚህን ዓሦች በመረብ ውስጥ ወይም በሰሃን ላይ ያላየ የለም። ከንፈራሙ ድንጋይ ሲፈትሽ፣ አዳኙ ሲወረወር ያየ ግን ማን ነው?

እርግጥ ነው፣ ጣና ለካሜራ ቀላል ውሃ አይደለም። ደለሉ ስለሚያደፈርሰው ዓይን ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜትር በላይ ዘልቆ አያይም። ያ ደለል ከየት መጣ? ከጎጃምና ከጎንደር ተዳፋት፣ ከእኛው እርሻ ነው። የደፈረሰ ውሃ ፎቶም ስለዚህ ምስክርነት ነው፤ እርከን ያልተሠራለት ማሳ አፈሩ የት እንደደረሰ ያሳያል።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ይህን መጀመር የሚፈልግ ወጣት ውድ ዕቃ መጠበቅ የለበትም። ውሃ የማያስገባ ትንሽ ካሜራ በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ፣ ራሱ ዳር ላይ ቆሞ፣ በበጋ ከጮቄ የሚወርዱት ጅረቶች ሲጠሩ ወደ ውሃው ማስገባት ይችላል። ቦታው ጸበል ከሆነ ማስፈቀድ ይገባዋል። ዳር ላይ መቆሙ ለጤናም ይበጃል፤ በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። መጥለቅ የሚሻ ደግሞ ዋና ተምሮ፣ በሙያው ሠልጥኖ፣ ከጓደኛ ጋር ይግባ። የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግም አለ። ጠላቂ ከታች በግፊት አየር ሲተነፍስ ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይጠራቀማል። ወዲያው ወደ ከፍታ ከወጣ ጋዙ በደሙ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ሊያሽመደምደው ይችላል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ ወይም 2,400 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና ከመውጣቱ በፊት ማረፍ አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። ጣና ላይ መጥለቅም የራሱ ስሌት ያስፈልገዋል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

ከቡታን እስከ ሎተ ሃስ ሰዎችን ወደ ውሃ ያወረዳቸው ምክንያት ለእኛም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእኛ ይበልጥ ይሠራል። ስለ ዓባይ ያልተባለ የለም፤ በዓባይና በገባሮቹ ውስጥ ስለሚኖሩት ግን የምናሳየው ፎቶ እጅግ ጥቂት ነው። ሕግ የሚያወጣው፣ መረብ የሚዘረጋው፣ ተዳፋቱን የሚያርሰውና ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው ሁሉ አይጠልቅም፤ መጥለቅም አይጠበቅበትም። ጥቂቶች ወርደው ካሳዩት ግን ሌላው አይቶ መወሰን ይችላል። የጎጃም ልጆች የወንዞቻቸውን ዓሦች በሕይወት እያሉ በመልክ ለይተው እንዲያውቁ የሚያደርግ ሥራ ለማንም ባለካሜራ በቂ ምክንያት ነው።