የነጋዴው ስም የማይጻፍበት ስጦታ
መጠጊያ ያጡ ሴቶች የሚያርፉበትን ክፍል ስለ ማደስ

ነጋዴ ለበጎ ሥራ የሚሰጠው ርዳታ ዘወትር በገንዘብ ብቻ ሲቈጠር ይታያል። ነገር ግን በሱቁ መደርደሪያና በመጋዘኑ ውስጥ ከገንዘብ የማይተናነስ ሀብት አለ፤ ይኸውም ቀለሙ፥ ፍራሹ፥ ጨርቁ፥ ቁልፉና አምፑሉ ሲሆን፥ ከእነዚህም ሁሉ በላይ ዕቃን መርጦ፥ ዋጋን አመዛዝኖ፥ በቀጠሮው ቀን የማድረስ ልምዱ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ሁሉ ባንድነት ሊውልበት ስለሚችል አንድ አነስተኛ ሥራ ነው። እርሱም ከቤታቸው ተሰደው መጠጊያ ያጡ ሴቶች ከሚያርፉበት ቤት አንዲቱን ክፍል በፈቃደኝነት ማደስ ነው።

ነገሩን ከእንጦጦ ራጉኤል አካባቢ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የእንጦጦ ራጉኤልንና የእንጦጦ ማርያምን አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩበት ይህ ተራራ፥ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃው አጠገብ ከወረደ በኋላም ችግረኛ የሚወጣበት ስፍራ መሆኑን አልተወም። ሕሙማን ጠበል ፍለጋ ከየአገሩ ይመጣሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በተለይም ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋበት ዘመን ከባልና ከዘመድ የተገፉ ሴቶች በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ የጭቃ ክፍል እየተከራዩ ለዓመታት ተቀምጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና የሐኪሙን መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚገባ ካስተማሩ ወዲህ፥ ብዙ ሕሙማን ከሁለቱም ለመጠቀም ችለዋል። ይሁን እንጂ ጤንነት ቢመለስም ጥለውት የመጡት ቤት ሁልጊዜ አይመለስም።

በዚሁ ተራራ ላይ፥ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባው ባሕር ዛፍ ሥር፥ ሌላም የሴቶች ታሪክ አለ። ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፥ በጀርባቸው አዝለው፥ ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርዱትን ሴቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ የለም። የየቤቱ ምጣድና የስንቱ ምድጃ በእነርሱ ሸክም ሲነድ ኖሯል። ከተራራው ከፊሉ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሆኖ ተከፍቷል። ቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ከነበሩትም ሴቶች አንዳንዶቹ ተደራጅተው ሽመናን መተዳደሪያቸው አድርገዋል። እንግዲህ ከተማው ከእነዚህ ሴቶች የተቀበለውን ያህል መልሶ ሰጥቷል ለማለት አይቻልም።

መጠጊያ የሚያስፈልጋቸው ግን የእንጦጦ ሴቶች ብቻ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት፥ ካገቡና አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል፥ ከመቶ 34ቱ ከባላቸው አካላዊ፥ ወሲባዊ ወይም የመንፈስ ጥቃት የደረሰባቸው መሆኑ ተገልጿል። ከእነዚህ አንዲቱ ሌሊት ልጇን አዝላ ብትወጣ የምትሄድበት ወዴት ነው? በቀድሞው ልማድ ወደ ዘመድ ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሽማግሌ ገብቶ ወደ ወጣችበት ቤት ይመልሳት ነበር። የታረቀው ባል ዱላውን ባልጣለ ጊዜ፥ እርቁ ለእርሷ መጠጊያ አልሆነም።

ለእንዲህ ያለችው ሴት ብቻ የተዘጋጀ ማረፊያ በዓለምም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በለንደን ከተማ በቺዝዊክ ሰፈር የተከፈተውና ለብዙ አገሮች አርአያ የሆነው ቤት የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ነው። በአገራችን በወይዘሮ ማሪያ ሙኒር መሥራችነት በፈረንጆች 2003 የተቋቋመው፥ ዛሬ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የሚባለው ድርጅት፥ በ2006 በአዲስ አበባ ማረፊያ ቤት ከፍቶ ሥራውን ኋላ ወደ አዳማም አስፋፍቷል። በእንዲህ ያለው ቤት ለምትጠጋው ሴት መኝታና ምግብ፥ ሕክምና፥ ምክር፥ የሕግ ድጋፍና የሙያ ትምህርት ይሰጣታል። አብዛኛውን ጊዜም ልጆቿ አብረዋት ይመጣሉ። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ድርጅት ምግብና መድኃኒት ሲያስቀድም፥ የተላጠው ግድግዳና የደቀቀው ፍራሽ ለከርሞ መባሉ አይቀርም። የነጋዴው ድርሻ የሚገባውም በዚህ ስፍራ ነው።

ትእዛዝን ስለ መቀበል

አስተዋይ ነጋዴ ደንበኛው የሚፈልገውን ሳይጠይቅ ዕቃ አይልክም። በጎ ሥራ ሲሆን ግን ይህን ደንብ እንረሳዋለን። አንዱ ታላቅ ቴሌቪዥን ይልካል፤ ሌላው ግድግዳውን በድርጅቱ ዓርማ ቀለም ያስቀባል። በዚያው ክፍል ደግሞ በሩ ከውስጥ አይቈለፍም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ኃላፊ መጠየቅ፥ ኃላፊዋም በዚያ የሚኖሩትን ሴቶች እንድትጠይቅ መለመን ይገባል። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ከገመትነው ያነሰና የረከሰ ይሆናል፤ መታወቂያና የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀመጥበት ባለ ቁልፍ መሳቢያ፥ የምታጠባ እናት ሌሎቹን ሳትቀሰቅስ የምታበራው ትንሽ የራስጌ መብራት፥ የሕፃናት ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ፥ በአልጋና በአልጋ መካከል የሚጋረድ ጨርቅ። የቀለሙንም ዓይነት እነርሱ ይምረጡት። በቤቷ ውስጥ አንዳች ነገር ለመምረጥ ተከልክላ ለኖረች ሴት፥ የግድግዳ ቀለም መጠየቅ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለሚላከው ዕቃ

በመጋዘን ጥግ የከረመውን፥ ገዢ ያጣውን ዕቃ ለድኻ መላክ ምጽዋት ይባል ይሆናል፤ እድሳት ግን አይባልም። በቀለም ረገድ ደግሞ ነገሩ ከነውርነት አልፎ ጉዳት አለበት። እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ቀለም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ መንግሥታችን በፈረንጆች 2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በ1 ኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚህ ደንብ በፊት የተመረተ ወይም የገባ፥ በተለይም የዘይት ቀለም፥ ምንም ያህል ቢተርፍ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል ሊላክ አይገባውም። አስመጪዎችና የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች ይህን ከማንም ይልቅ ሊጠነቀቁለት ይገባል።

መጠኑን ለማወቅ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወለሉ 3 ሜትር በ4 ሜትር፥ ከፍታው 2 ሜትር ከ60 የሆነ ክፍል፥ የበሩና የመስኮቱ ስፋት ሲቀነስ፥ 33 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በአንድ ቅብ 9 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብንል፥ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 8 ሊትር የማይሞላ ይበቃል። ኮርኒሱን ጨምሮ ሦስት ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮ ማለት ነው። ያልተቀባ አዲስ ልስን ግን ቀለሙን ስለሚጠጣ ትንሽ መጨመር ያሻል። ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ የሕፃን እጅ የሚደርስበት ስለ ሆነ፥ የሚታጠብ ቀለም ቢቀባ ይሻላል። ለመጋረጃውና ለአልጋ ልብሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከተራራው ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አለ፤ እንጨት መሸከምን ትተው ሽመና የያዙትም ሴቶች በዚያው አካባቢ ናቸው። ከእነርሱ የተገዛ መጋረጃ አንዲቱን ሴት ከብርድ ሲጋርድ ሌላይቱን ያበላል።

ስለ ሥራው

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ እንደ መሆኑ መጠን ብርዱና እርጥበቱ ብርቱ ነው። በተራራውም ሆነ በግርጌው ያለ ቤት ሲታደስ፥ ከቀለም አስቀድሞ ጣራው ይታያል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ሳይደፈን፥ የፍሳሽ ቦዩ ሳይጠረግ የተቀባ ግድግዳ በአንድ ክረምት ሻጋታ ያወጣል። ለቅቡም የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በሐምሌ የተቀባ ግድግዳ በቶሎ አይደርቅም፤ ሽታውም አይወጣም። የቆየው ቀለም ሲፋቅ አቧራው እንዳይነሣ በውሃ ይርጠብ፤ እናቶችና ሕፃናትም ቀለሙ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ በሌላ ክፍል ይቈዩ።

በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ቀለም ቀቢ አይደለም። ግድግዳውን ለሙያተኛ ትቶ፥ ዕቃ በማውጣት፥ ወለል በማጠብ፥ መጋረጃ በመስፋትና አልጋ በመግጠም ማገዝ ሥራውን ያፋጥነዋል። ሴት ሙያተኞች ቢገኙ ደግሞ ለቤቱ ነዋሪዎች ይቀላል፤ ከወንድ ዱላ ሸሽታ የመጣች ሴት በመኝታዋ ክፍል የማታውቃቸው ወንዶች ሲመላለሱ ብትደነግጥ አያስገርምም።

ስለ ዝምታው

በየክረምቱ በከተማችን የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ፥ ብዙ ነጋዴዎች ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማዋጣታቸው የታወቀ ነው። በዚያ ሥራ ሰንደቅ ይሰቀላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሰጪውም ስም ይነበባል። ይህም ሌላውን ስለሚያነሣሣ አይነቀፍም። የሴቶች ማረፊያ ግን ከዚህ ይለያል። የቤቱ አድራሻ በምስጢር የሚጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚስቱን የሚፈልግ ቍጡ ባል በር ላይ ቢደርስ የሚመጣውን ማንም ሊገምት ይችላል። ስለዚህ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት መኪና በደጁ አይቆምም፤ ምረቃ አይደረግም፤ የሴቶቹ ቀርቶ የግቢው ፎቶግራፍ እንኳ አይነሣም። ዕቃው ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማኅበሩ ያውቀዋል። ወደ ቤቱ መግባት የግድ የሆነባቸው ሠራተኞች ቍጥራቸው ያነሰ፥ ማኅበሩም አስቀድሞ ያወቃቸው ይሁኑ።

ለነጋዴ ይህ ከባድ ሊመስለው ይችላል፤ ስም ሀብት ነውና። ነገር ግን የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅም የንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። የመልካም ደንበኛውን ሒሳብ በገበያ የማያወራ ነጋዴ፥ የአንዲትን ሴት መደበቂያ መጠበቅ አያቅተውም። ስሙ ከደረሰኙ ላይ ሌላ በየትም ባይጻፍ፥ የሥራው ደኅንነት የተጠበቀ መሆኑ ምልክቱ ይህ ነው።

ስለ ሒሳቡ

ደረሰኙም ቢሆን ዋጋ አለው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 በሕግ ለታወቀ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ፥ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከመቶ 10 ሳይበልጥ፥ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ስለ ሆነ ነጋዴው አስቀድሞ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ይማከር፤ የሰጠውንም ዕቃ ዋጋ በዝርዝር ያስመዝግብ።

ወጪውንም አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከም አንመክርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቀለም ነጋዴው ቀለሙን፥ ፍራሽ አምራቹ ፍራሹን፥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ሽቦና አምፑሉን፥ ባለ ጭነት መኪናው ማጓጓዣውን ቢያዋጡ፥ አንዲት ክፍል ለማናቸውም ኪስ አትከብድም። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ከማኅበሩ ጋር ይነጋገር፤ አፈ ጉባኤው ሲበዛ ምስጢሩም ዕቃውም ይባክናል።

በመጨረሻም የክፍሉ ሥራ በአንድ ጊዜ ቅብ እንደማያበቃ መታወስ አለበት። አንዲት እናት ከነልጆቿ ራሷን ችላ ስትወጣ ሌላይቱ ትገባለች፤ ግድግዳው ይቈሽሻል፤ ቁልፉ ይሰበራል፤ ፍራሹ ያረጃል። ስለዚህ ከተገዛው ቀለም አንድ ቆርቆሮ፥ የቀለሙ ቍጥር ተጽፎበት፥ ለጥገና በዚያው ይቀመጥ፤ ዕቃውን ያዋጡትም ነጋዴዎች በየዓመቱ አንድ ጊዜ የጎደለውን ይጠይቁ። ለዕንቁጣጣሽ የሱቁን በርና የቤቱን ግድግዳ ለመቀባት ቀለም የሚገዛ አንባቢያችን ሁሉ፥ በዚያው ትእዛዝ ላይ ሦስት ቆርቆሮ ይጨምር፤ ለመስጠትም ጥቅምት እስኪጠባ ይጠብቅ።