የጥያ ትክል ድንጋዮችና የጉዳታቸው መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዙ በኋላ፣ በሶዶ ወረዳ የጥያ ከተማ ትገኛለች። ከከተማይቱ አጠገብ 36 ሐውልቶች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ መካከል 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል፤ ክብ ቅርጽና ሌላም ትርጉሙ በውል ያልታወቀ ምልክት አለ። የአካባቢው ሕዝብ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ ከግራኝ አሕመድ ዘመን አስቀድሞ እንደ ተተከሉ ያስረዳሉ፤ በቁፋሮም በሥፍራው መቃብር መኖሩን አረጋግጠዋል። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

በቤተ መዘክር ያለ ሥዕል ጣራና ግድግዳ አለው። የጥያ ድንጋይ ግን ክረምቱን በዝናብ፣ በጋውን በፀሐይ ያሳልፋል። በላዩም የድንጋይ ሽበት ይበቅልበታል። ሽበቱ ሲያዩት ቀለም የፈሰሰ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጫጭን ክሮቹን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰድዳል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ በዚህም ምክንያት የድንጋዩ ገጽ ቀስ በቀስ ይፈረፈራል። ጉዳቱ እጅግ አዝጋሚ ስለ ሆነ በየቀኑ የሚያየው ጠባቂ እንኳ አያስተውለውም። የአንዱ ሰይፍ ጫፍ ከ20 ዓመት በፊት ምን ያህል የጎላ እንደ ነበር ለማወቅ ቀኑ የተጻፈበት መዝገብ ያስፈልጋል።

ቀደም ሲል በብዙ አገር ቅርጹን ለማጉላት ድንጋዩን በጠመኔ መቀባት ወይም ወረቀት ለጥፎ መፈግፈግ የተለመደ ነበር። ይህ ራሱ ጉዳት ነው። ዛሬ ድንጋዩን ሳይነኩ መመዝገብ ይቻላል። ከዘዴዎቹ አንዱ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ባለሙያው በድንጋዩ ዙሪያ እየተዘዋወረ ብዙ ፎቶግራፎችን ያነሣል፤ እያንዳንዱም ፎቶግራፍ ቀዳሚው ካሳየው ገጽ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ደግሞ ማሳየት አለበት። ኮምፒዩተሩ በተለያዩ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየውን አንድ ነጥብ እየፈለገ፣ የታየበትን ማዕዘን አስልቶ ቦታውን ይወስናል። ሁለቱ ዓይኖቻችን ርቀትን የሚገምቱትም ከዚህ በሚቀራረብ መንገድ ነው። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነጥቦች ሲሰበሰቡ የድንጋዩ ቅርጽ ይወጣል። ይሁንና በፎቶግራፉ ውስጥ ማስመሪያ ካልገባ ኮምፒዩተሩ ሐውልቱ 5 ሜትር ይሁን 5 ሴንቲ ሜትር ለይቶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ሥራው በዚያው ዘዴ ሲደገምና ሁለቱ ቅርጾች ሲነጻጸሩ፣ የጎደለው በሚሊ ሜትር ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአፍጋኒስታን የባሚያን ሐውልቶች ሲፈርሱ፣ በ1970 ለልኬት የተነሡ ፎቶግራፎች ተጠብቀው ስለ ነበር የዙሪክ ባለሙያዎች የትልቁን ሐውልት ቅርጽ በኮምፒዩተር መልሰው ለመሥራት ችለዋል።

ነገር ግን ምስሉ ምንም ያህል ቢጠራ የጽሑፉን ጉድለት አይሸፍንም። «ድንጋዩ በጣም ተጎድቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሚቀጥለው መርማሪ አንዳች ነገር አይነግረውም። ጉዳቱ የት ነው? ስንጥቅ ነው ወይስ ልጣጭ? ለምሳሌ ያህል፣ «በምሥራቁ ገጽ፣ ከመሬት 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሁለተኛው ሰይፍ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ግራ የሚወርድ 14 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ ይታያል፤ በስንጥቁ ውስጥ ሽበት አልበቀለም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ስንጥቁን ሳይቸገር ያገኘዋል። የመጨረሻዋም ሐረግ ትርፍ አይደለችም፤ ሽበቱ በኋላ ቢበቅል፣ አስቀድሞ እንዳልነበረ የምትመሰክረው እርሷ ናት።

መዝገቡ የድንጋዩን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመዝጋቢውን ስም ይይዛል። ሰዓቱ የሚጻፈው ፀሐይ ገጹን ከጎን ስትመታው ቅርጹን ስለምታጎላ፣ ፊት ለፊት ስትመታው ግን ስለምታደበዝዘው ነው። መዝገቡ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከተቀመጠ ብልሽት ሊያጠፋው ይችላልና ቅጂዎቹ በተለያዩ ሥፍራዎች ይቀመጣሉ፤ ጽሑፉና ዋና ዋናዎቹ ፎቶግራፎችም በወረቀት ይታተማሉ።