ስውር መዝገብ

በግእዝ «መዝገብ» ሀብት የሚከማችበት ሥፍራ፣ አንድም የተከማቸው ሀብት ራሱ ሲሆን፣ በዛሬው አማርኛችን ግን ስምና ቀን የሚጻፍበት ደብተር ሆኖ ቀርቷል። እነዚህን ሁለት ፍቺዎች ያስታረቀልኝ ሊቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው የልጆች ዕቃ ዕቃ አድርጎ የሚንቀው፣ በባሕር ማዶ ጂኦካሺንግ የሚባለው የስውር ሣጥን ፍለጋ ነው እንጂ።

ሥርዓቱ አጭር ነው። አንዱ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ሰውሮ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ያስታውቃል፤ ሌላው በስልኩ ተመርቶ ያገኘውና፣ በውስጡ ባለው መዝገብ ስሙንና ቀኑን ጽፎ በነበረበት ይመልሰዋል። ጨዋታው የተወለደው የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ በሚለቀው የሳተላይት ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያስገባው የነበረውን ስሕተት እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ባነሣ ጊዜ ነው። ወዲያው በሜይ 3 ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ፣ አንድ ባልዲ ሰወረ፤ ከመዝገቡም ጋር የታሸገ ባቄላ ጨምሮበት ነበር። (ዛሬ ምግብ ማኖር ክልክል ነው፤ አውሬ ያለ ሳተላይት በአፍንጫው ብቻ ያገኘዋልና።)

ያ የመጀመሪያው ባልዲ በከፊል ተቀብሮ ስለ ነበር ይሁን፣ ወይም «ስውር» ሲባል «ቅቡር» የሚመስለው ሰው ስለ በዛ፣ ፈላጊው ሁሉ መሬት መቆፈር የተፈቀደለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባለ መሬቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር፣ ለመሰወርም ሆነ ለማግኘት አፈር መቆፈር በሕጉ የተከለከለ ነው። በወንጌል በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘውን ሰው እናስታውስ፤ ሁላችንም ማግኘቱን እንተርካለን፤ ያገኘውን መልሶ እንደ ሰወረው፣ ያለውንም ሁሉ ሸጦ አስቀድሞ እርሻውን እንደ ገዛ ግን እንዘነጋለን። መልሶ መሰወሩ የዚህ ጨዋታ ዋና ሕግ ነው፤ እርሻውን መግዛቱም ባለቤቱን ማክበሩ ነው።

እርሻው የማኅበር በሆነ ጊዜ ነገሩ ይጠብቃል። በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ፎልስ ክሪክ የተባለው የባሕር ክንድ ደቡባዊ ዳርቻ ቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያና የፋብሪካ ሥፍራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን መኖሪያ ሆኖ፣ የከተማውን መሬት በሊዝ የያዙ የኅብረት ሥራ የቤት ማኅበራት ሠፈሩበት። አባሉ ወርኃዊ ድርሻውን ይከፍላል፣ በጉባኤም አንድ ድምፅ አለው፤ ቤቱን ግን ሸጦ አያተርፍበትም። ዝንጉ ፈላጊ የግቢውን አትክልት ያለ አጥር ባየ ጊዜ «የጋራ ከሆነ የማንም አይደለም» ይላል፤ እንዲህ ያለው እርሻ ግን ከማናቸውም ይልቅ ባለቤቱ የበዛ ነው፤ የወንጌሉ ሰው እንኳ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሊገዛው አይችልም። ስለዚህ ሣጥን የሚሰውር ሰው አባላቱ የመረጡትን ቦርድ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባዋል፤ ጨዋታው የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቃልና።

በዚያ ሠፈር የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ በሄድሁበት አንድ ምሽት፣ ስልኬ «3 ሜትር» ብሎ በአንድ መደብ ዳር አቆመኝ። መሣሪያው የሚያደርሰው እስከ አጠገቡ ብቻ እንደ ሆነ፣ የቀረው የዓይን ሥራ እንደ ሆነ፣ ለስንቱ ሰው ነግሬ ነበር! ነገር ግን ተንበርክኬ በእንጨት አፈሩን ገለበጥሁ። ውሃ ማጠጫ የያዙ አንዲት አሮጊት ከበላዬ ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ ባለፈው ሳምንት የተከሉት ነጭ ሽንኩርት መሆኑን ነገሩኝ፤ ከዚያም በማጠጫው አፍ የብረቱን አጥር አመለከቱኝ። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቀፎ፣ በማግኔት ተጣብቆ፣ በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ይታይ ነበር፤ እኔ ግን ተንበርክኬ ነበር።

ነቅዬ ያወጣሁትን ሽንኩርት አንድ በአንድ መልሼ ተከልሁ። ከዚያም ቀፎውን ከፍቼ የተጠቀለለውን ወረቀት ዘረጋሁና ስሜን ስጽፍ የጣቴ ጭቃ መስመሩን አሳደፈው፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ማን እንደ ቆፈረ መዝገቡ ይነግረዋል።